የውሃው ተሳፋሪ

ምላጭ ስትገባ ወሬው ቆመ። ቀስ ብሎ አይደለም የቆመው፤ ቀጥ ብሎ ነው። ዋናዋ ዶክተር ማይክሮስኮፑ ላይ አቀረቀሩ፤ ሞለኪውል የሚሉት ወጣት ደግሞ ደረት ኪሱ ውስጥ የሌለ እስክሪብቶ መፈለግ ጀመረ። ሁለት ያን ያህል የተማሩ ሰዎች ማስመሰል እንዲህ ሲያቅታቸው ያሳዝናል።

«ደህና አደራችሁ?» አለች ምላጭ።

«እግዜር ይመስገን» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ባንድ አፍ! ሦስት ዓመት አብረው ሲሠሩ በአንድ ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሰዎች ዛሬ በሰላምታ ተስማሙ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሷ ደግሞ ከጥንትም ጠርጣራ ናት። ዳቦ ሻጩ «ትኩስ ነው» ብሎ ቢምልላት እንኳ ሳትነካው አትገዛም።

ምላጭ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ ሥራዋ ነው ያወጣላት፣ ምላሷም አግዞታል። ሐኪሞች ከሰው ገላ ቆርጠው ያወጡት ሥጋ በሰም ተቀብሮ ይመጣላታል። እሷ በመቁረጫ ማሽኑ ከፀጉር አሳስታ ትልጠዋለች፣ የተላጠውን ለብ ያለ ውሃ ላይ ታንሳፍፈዋለች፣ ሽብሽቡ ሲፈታ በመስታወት ቀለብ አድርጋ ታነሣዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ነው የሠራችው። ከዚያ በኋላ ያለው ማቅለምና ማጉላት፣ ቁጥር መደመርና መጻፍ የተማሩት ሥራ ነው። ግን እሷ ካበላሸችው የተማሩትም ያው ብልሹውን ነው የሚያዩት፤ ይህንንም በየሳምንቱ ታስታውሳቸዋለች።

ቤተ ሙከራው የሚሰበስበው ሁለት ዓይነት ሥጋ ነው፤ በቀዶ ጥገና የወጡ የታመሙ የልብ ቫልቮችንና ከመቶ ሺህ ሰው አንዱን እንኳ የማይዙ እንግዳ ካንሰሮችን። ለምን ሁለቱ ባንድ ጣሪያ ሥር? ይህን ማስረዳት የማይታክተው ወጣቱ ተመራማሪ ነው፤ ሞለኪውል ያሉትም ከዚህ ሌላ ወሬ ስለሌለው ነው።

«ሰውነት ዘበኛ አለው፣ እትዬ ምላጭ» ይላል። «በልጅነት ጉሮሮ ሲቆስል ዘበኛው ጀርሙን ሲያሳድድ ይከርምና ዞሮ የራሱን ጌታ ልብ ይነክሳል። ቫልቩ ይቆረፍዳል፣ ይጠባል። ካንሰሩ ጋ ደግሞ ያው ዘበኛ ሌባው ሲገባ እያየ ያንቀላፋል። እዚያ ያለ ቦታው የሚናከስ፣ እዚህ የሚተኛ፣ ለምን? እሱን ካወቅን…»

እሱን ካወቁ ምን እንደሚሆን ምላጭ ሰምታ አታውቅም። እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ተነሥታ ትሄዳለች።

ሕግም አላቸው። ሥጋው ስም የለውም፣ ቁጥር፣ ፆታና ዕድሜ ብቻ። የማን እንደሆነ ያወቀ ሠራተኛ ወዲያው ተናግሮ እጁን ያነሣል፣ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። የሚወዱት ሰው ሥጋ ፊት እጅም ዓይንም አይታመንም፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ምላጭ ይህን ሕግ ጥሳለች። ቁጥር 214 የታናሽ ወንድሟ ቫልቭ ነው። ወንድሟ ማክሰኞ ጠዋት ደረቱ ተከፈተ፤ ማክሰኞ ቀትር ላይ ከዚያው ሆስፒታል አንድ ቫልቭ ብቻ መጣ፤ ወንድ፣ አርባ አንድ ዓመት። ይህን ለመገመት ሞለኪውል መሆን አያስፈልግም። መናገር ነበረባት፣ አልተናገረችም። እናታቸው ስትሞት ልጁ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አጥባ ያለበሰችው፣ አፍንጫውን የጠረገችለት፣ ትምህርት ቤት በር ድረስ እየጎተተች ያደረሰችው እሷ ናት። ታዲያ የልቡን ቁራጭ ለማን አሳልፋ ትስጥ? ለሞለኪውል? ምን ቆርጧት!

እንግዲህ ያን ጠዋት ወሬው ሲቆም የመጣላት ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር። «አውቀውብኛል» አለች በሆዷ።

ቦታዋ ሄዳ መሳቢያውን ሳበች። 213 አለ፣ 215 አለ፣ 214 የለም። መዝገቡን ገለጠች። ዓርብ ከሰዓት፣ ሞለኪውል፣ «በድጋሚ ለመቁረጥ»። እሷ ዓርብ በጊዜ ወጥታ ነበር፤ ወንድሟን ከሆስፒታል ለማውጣት። ማሽኗን ዞራ አየችው። ስለቱ እሷ እንዳስቀመጠችው አልነበረም፣ በስተግራ ፈቀቅ ብሏል። በሰው ማሽን! ያለ ጥያቄ!

እሳት ጎርሳ ልትነሣ ስትል ሞለኪውል ራሱ መጣ።

«እትዬ ምላጭ፣ ባለፈው ሮብ ጠዋት ውሃው ላይ ከእርስዎ ሌላ ሰው ሠርቶ ነበር?»

«ለምን ጠየቅኸኝ?»

«እንዲያው ነው።»

«እንዲያው የሚባል ጥያቄ የለም። ዶክተሯ ናቸው የላኩህ?»

ጆሮው ቀላ። ይህ ልጅ ሚስት ሲያገባ ውሸቱን ጆሮው ነው የሚያጋልጥበት።

«ማንም አልሠራም» አለችው። «የእኔን ውሃ የሚነካ ሰው ጣቶቹን ቆጥሮ ይምጣ።»

ሄደ። እሷ ግን ንዴቷ ወዴት እንደሄደባት አላወቀችም፤ ባለችበት ቀረች። ስለ ሕጉ ቢጠይቃት፣ ስለ ወንድሟ ቢጠይቃት ይገባት ነበር። ስለ ውሃው? በዚህ ቤት ስለ ውሃ የሚጠየቀው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱን በሽተኛ ቆርጠው ሲጨርሱ የውሃው ፊት በወረቀት ካልተጠረገ፣ ዓይን የማያየው ፍርፋሪ ተንሳፍፎ ይቀራል። ቀጣዩ በሽተኛ ሲመጣ ፍርፋሪው አብሮ መስታወቱ ላይ ይወጣል። ጤነኛው ሰው የሌላ ሰው በሽታ ተሸክሞ ማይክሮስኮፕ ሥር ይቀርባል። ይህን ፍርፋሪ ተሳፋሪ ይሉታል። በምላጭ መስታወት ላይ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ተሳፋሪ ወጥቶ አያውቅም፤ ይህንንም ላልጠየቃት ሁሉ ታወራለች።

እንግዲህ 214 ላይ መሆን የሌለበት ነገር አይተዋል ማለት ነው። ምን?

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁሉም ወጣ። ምላጭ የዶክተሯን ክፍል ከፍታ ገባች። በሕይወቷ እንዲህ አድርጋ አታውቅም፤ ሌባ ሲገባ እንዴት እንደሚራመድ ያን ቀን አወቀችው። ትሪው ላይ ሃያ መስታወት ተደርድሯል፤ አንዱ ብቻ ጠርዙ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። ማይክሮስኮፑ ሥር ከተተችው።

ሐኪም አይደለችም። ግን ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዳቦ ሲቆርጥ ከኖረ የሻገተውን ይለያል። የወንድሟ ቫልቭ እንደ አሮጌ ቆዳ ተኮራምቷል፣ ይህ የሚጠበቅ ነው። ጠርዙ ላይ ግን፣ በቀዩ ክብ ውስጥ፣ አንድ ጭብጥ ሴል ተከምሯል። ትልልቅ፣ ጥቁር፣ እርስ በርሱ የማይመሳሰል፣ ገበያ ላይ እንደሚጋፋ ሰው የተጨናነቀ። የመከላከያ ሴሎችን የሚያሳየው ቡናማ ቀለም በቫልቩ ላይ ሁሉ ፈሷል፤ ጭብጡ አጠገብ ሲደርስ የለም። ዘበኛው ተኝቷል።

ክው አለች። የዶክተሯ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ተሳፋሪ ነው፣ ወይ የወንድሟ ነው። ልብ ውስጥ የሚበቅል ካንሰር! እንደዚህ ያለው በሁለት ዓመት አንዴ ቢመጣ ነው፤ የመጣውም ብዙ ጊዜ ሰውዬው ካለፈ በኋላ ነው።

«ተሳፋሪ አድርገው አምላኬ» አለች። ያቺ በአንድ ፍርፋሪ ስሟ እንዳይጠፋ ስትጠነቀቅ የኖረች ሴት ፍርፋሪ ለመነች።

ሮብን አሰበችው። ከ214 በፊት የቆረጠችው አንድ ብቻ ነው፤ ከአንዲት ሴት ጭን የወጣ እንግዳ ካንሰር። ታዲያ ለምን ከዚያ አይሆንም? ይሆናል እንጂ! ውሃው ሳይጠረግ ቀርቶ ይሆናል። እሷ ግን ጠርጋለች፤ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ወረቀት፣ እንደ ሁልጊዜዋ። ቀኝ እጇ ያስታውሰዋል። እንግዲህ ሌላ ሰው ነው ያበላሸው፤ ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ ማን እንደሆነም ታውቃለች።

ሞለኪውልን ደረጃው ላይ አገኘችው።

«ሮብ ዕለት እኔ ሻይ ስወጣ ማሽኔን ነክተሃል!»

«እኔ? አልነካሁም።»

«ዓይኔን እያየህ በል።»

«እትዬ፣ ሮብ ዕለት ስብሰባ ሄጄ አልነበርኩም እንዴ? ተመልሼ ስመጣ እርስዎ ራስዎ ‹ምነው ቶሎ መጣህብኝ› አላሉኝም? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ።»

ብላለች። ቃል በቃል ብላለች። ይህን ልጅ ያን ቀን መስደቧ ቆጫት፤ ባትሰድበው ስድቧ ምስክር ባልሆነለት ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶክተሯ አስጠሯት። ዶክተሯ ከምላጭ ጋር እኩያ ናቸው፤ ደርባባ፣ ጥቂት የሚናገሩ ሴት። ሞለኪውል ጥግ ይዞ ቆሟል።

«ተቀመጪ። 214 ላይ የካንሰር ፍርፋሪ አግኝተናል» አሉ። ምላጭ ለመደንገጥ ሞከረች፤ ማስመሰል አልሆነላትም፤ ጠዋት የታዘበቻቸው ትዝ አላት። «ዓርብ ቀሪውን ሥጋ በድጋሚ ቆረጥነው፣ ምንም የለም። ያለው እዚያች አንዲት መስታወት ላይ ብቻ ነው። ለምርመራ ከፋቅነው ደግሞ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ለማንም የማሳየው የለኝም። ሰውየው ደረቱ ተከፍቶ ገና መነሣቱ ነው። በአንድ ፍርፋሪ ተነሥቼ ሞትህ መጥቷል ልበለው?»

«አይባልም» አለች ምላጭ።

«ስለዚህ ከመፋቁ በፊት ያንቺን ቃል እፈልጋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አምኜሻለሁ። አልጠረግሁም ካልሽኝ፣ ተሳፋሪ ነው ብዬ እፈርምበታለሁ፤ ማንም አይቆጣሽም። ጠርገሽ ነበር?»

ምላጭ እጆቿን አየች። አንድ ቃል ናት፤ ያቺን ቃል ከተናገረች ወንድሟ ጤነኛ ነው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፣ ፊርማ ያርፍበታል፣ ያልቃል።

«አልጠረግሁም» አለች።

ዶክተሯ ተነፈሱ። «ሰው ነሽና» አሉ።

ሞለኪውል ግን ከጥጉ አልተነቃነቀም። ዓይኑን ጣለባት፤ ያ ሲስቅ እንጂ ሲያፈጥ አይታው የማታውቀው ልጅ። ኮሪደሩ ላይ ተከተላት።

«እርስዎ? ሳይጠርጉ?»

«ሰው አይደለሁም?»

«ሰውማ ነዎት። ግን ሰማይ ራሱ ቢወድቅብዎት ጠርገው ነው የሚሞቱት። የሚደብቁኝ ነገር አለ።»

«እዚያው ሞለኪውልህን ፈልግ!» አለችውና ጥላው ሄደች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ወጥቷል፣ አይመለስም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስ አላላትም።

ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት የማያውቁ ሰዎች አጠገብ ተቀምጦ ፍሬን ሲረግጥ የኖረ፣ ልቡ በቫልቩ ብቻ መታመሙም የሚገርም ነው። መስኮቱ አጠገብ ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ ተቀምጧል። ሲያስል ስፌቱ እንዳይሰነጠቅ ትራሱን እቅፍ ያደርጋል።

«እታለም፣ ነይ ስሚ» አላት ገና ሳትቀመጥ። አዲሱ ቫልቭ ብረት ነው፤ ክፍሉ ጸጥ ሲል ቲክ ቲክ ሲል ይሰማል። «ሰዓት ነው የገጠሙልኝ። ከእንግዲህ ብዘገይ ማንም ምክንያት አይቀበለኝም።»

ሳቀች። እሱም ሳቀና ትራሱን አጥብቆ ያዘ። ሾርባ አሞቀችለት፤ ሁለት ማንኪያ ጠጥቶ ተወው።

«ብላ እንጂ!»

«አልገባልኝ አለ። ሱሪዬም እየወረደ አስቸገረኝ።» ቀበቶውን አሳያት፤ በቢላ አዲስ ቀዳዳ በስቶበታል። «ከሰዓት ከሰዓት ደግሞ ያተኩሰኛል። ከኦፕራሲዮኑ በፊትም ነበረ፣ ዝም ብዬ ነው። ሐኪሙ ‹ያልፋል› አለኝ። አንቺስ ምን ትያለሽ? እኔ የማምነው አንቺን ነው።»

«ያልፋል» አለችው።

ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለ፤ ያስፈራትም ይኸው ነው። ግንባሩን ዳሰሰችው፤ ይተኩሳል። ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ አስተካክላ ወጣች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አንዲት ጎረቤት ከረጢት ተሸክማ ወጣች፣ «ደህና ነሽ?» አለቻት፣ «ደህና ነኝ» አለች። ሦስት።

ቀኑን ሙሉ ማንን ነበር ስትጠረጥር የዋለችው? ዶክተሯን፣ ሞለኪውልን፣ ስለቱን፣ መዝገቡን። በወንድሟ ላይ የሕክምናውን በር የዘጋችው ግን ራሷ ናት። ጤነኛ እንዲሆን አልነበረም የፈለገችው፤ ጤነኛ ነው ሲባል መስማት ነበር። አፍራ አለቀሰች፤ ወንድሟ እንዳይሰማ ክንዷን ነክሳ።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድማ ደርሳ የዶክተሯ በር ላይ ቆመች። ዶክተሯ ሞለኪውልን አስከትለው ሲመጡ ኮታቸውን እንኳ እስኪያወልቁ አልጠበቀችም።

«ትናንት ዋሽቻለሁ። ውሃውን ጠርጌያለሁ። ሦስት ጊዜ።»

«ለምን ትዋሺያለሽ?»

«214 ወንድሜ ነው።»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ቢጮሁ በተሻለ።

«ደብቀሽ ቆረጥሽ። ደብቀሽ ሳይበቃሽ ዋሸሽኝ። እኔ ደግሞ አመንኩሽ! ትናንት ልፈርም እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር፤ ታውቂያለሽ?»

«ምን አስተወዎት?»

«ይሄ ልጅ አላስፈርም አለኝ።»

ሞለኪውል ጫማውን እያየ፣ «አንድ ቀን ብቻ ይስጡኝ ነው ያልኳቸው» አለ። «ወይ ውሃው ቆሽሿል ወይ እትዬ ዋሽተዋል፤ እትዬ ዋሽተዋል የሚለው ይቀለኛል አልኳቸው።»

በሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ አፉ የሚገባውን ታገኝለት ነበር። ያን ቀን አንገቱን አቅፋ ልትስመው ምንም አልቀራት።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ከ214 በፊት የተቆረጠው የሴት ሥጋ ነው፤ 214 ወንድ ነው። ፍርፋሪው ተፍቆ ዘረመሉ ሲታይ የሴት ከሆነ ተሳፋሪ ነው፤ የወንድ ከሆነ የባለቤቱ ነው። ሞለኪውል ከምሳ በኋላ እንደሚደርስ ተናግሮ በሩን ዘጋ። ምላጭ ጋወኗንና የመሳቢያ ቁልፏን ለዶክተሯ አስረክባ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች።

በሩ በተከፈተ ቁጥር ልቧ ዘለለ። ጽዳት ሠራተኛዋ ወጣች፤ «ይቺ ምን ሰምታ ነው እንዲህ የምታየኝ?» አለች ምላጭ። ስልክ ጮኸ፤ «ስለ እኔ ነው» አለች። የዶክተሯ ሳቅ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ ሳል ነበር። ሴት ይሁን፣ ሴት ይሁን፣ ሴት ይሁን። ነፍሰ ጡር ሆና እንኳ ለሴት ልጅ እንዲህ ተስላ አታውቅም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሞለኪውል ወጣ። ጓንቱን አላወለቀም። ጆሮዎቹ አልቀሉም፤ ነጭ ሆነዋል። አጠገቧ ተቀመጠ።

«ወንድ ነው፣ እትዬ» አለ። «ከራሱ ከቫልቩ ጋር የማስተያየቱ ሥራ ነገ ይደርሳል፣ ግን…»

«ግኑን ተወው።»

ተወው። አለቀሰች፣ ሳትደበቅ፣ ኮሪደሩ ሙሉ እየሰማ። ዶክተሯ ወጥተው አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጧት። ቀዶ ሐኪሙን እንዳነጋገሩት ነገሯት። ትኩሳቱም ክሳቱም ከዚሁ ሊሆን ይችላል፤ ነገ ጠዋት ደረቱ በሙሉ ራጅ ይነሣል፤ ገና ሌላ ቦታ ካልደረሰ የሚሞከር ነገር አለ፤ ከደረሰ ደግሞ እንነጋገራለን። ቃል አልገቡላትም። በመጨረሻ፣ «መቁረጫው ጋ አትመለሺም» አሏት።

«አውቃለሁ» አለች።

ወንድሟ በሩን ራሱ ከፈተላት፤ ትራሱን እንዳቀፈ። ፊቷን አይቶ ሊቀልድ ያሰበውን ዋጠው። አስቀመጠችውና ነገረችው። ሳታለባብስ፣ ከማክሰኞው ቁጥር እስከ ሞለኪውል ጓንት፣ መዋሸቷን ጭምር። ሳያቋርጣት ሰማት። ስትጨርስ ከመስኮቱ ውጭ ወደቆመችው የማስተማሪያ መኪናው አየ።

«ተሳስተው ይሆናላ» አለ። «የሌላ ሰው ተቀላቅሎባቸው ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል ትይኝ አልነበር?»

«ያጋጥማል።»

«ታዲያ እንዴት እርግጠኛ ሆኑ? ከሰው እጅ የወጣ አይደል? አንዱ ዝርክርክ…»

«ውሃውን የጠረግሁት እኔ ነኝ» አለችው።

ትራሱን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።